ኮምፒውተሬን በበቅሎ የጫንኩበት እሑድ

ኮምፒውተር በበቅሎ ተጭኖ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ጫኙም እኔው ነበርኩ። ያውም በእሑድ፣ በደባርቅ ዋና መንገድ፣ ከቅዳሴ የተመለሰው ሕዝብ ግራና ቀኝ ቆሞ እየተመለከተ። አንዲት ሴትዮ ስክሪኑ በነጠላ ተሸፍኖ ሲያልፍ አይታ ነገሩ ቅዱስ መስሏት እጅ ነስታለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ "የማን አስከሬን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ኮምፒውተር ነው አባባ" ብላቸው "እሱንም ነፍስ ይማር" ብለውኝ አለፉ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከትንሿ ጣቴ ጥፍር በማትበልጥ ምልክት ነው። ቀስ ብዬ ላውጋችሁ።

ደባርቅ ውስጥ አንዲት ኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጨነቅ የሚወጡ ቱሪስቶችም ኢሜይላቸውን ያዩባታል። ኮምፒውተሯ ያችው አንዷ ናት፤ ስክሪኗ የድሮ ቴሌቪዥን ያህላል፣ ጀርባው ያበጠ ነው። ቀደም ሲል ቫይረስ እየገባባት የሰው ማመልከቻ ግማሽ ላይ ትውጥ ነበር። አንድ ክረምት ዝናብ ተራራ እንዳይወጣ የከለከለው ፈረንጅ ሱቄ ተቀምጦ ሲያያት አዘነላትና፣ የነበረውን ሁሉ ጠርጎ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ነገር ጫነባት። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ ደጄን አልረገጠም። ከደባርቅ እስከ ዳባት ሊኑክስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም ልላችሁ አስቤ ነበር፤ ግን ለጉራ ነው።

ኢንተርኔት የማገኘው ከጎኗ በምትሰካ ዶንግል ነው። መስመር ሲኖር በስክሪኑ አናት፣ በቀኝ ጥግ፣ አንዲት ምልክት ብቅ ትላለች። እኔ በዚህች ምልክት ያለኝ እምነት በጠላ ቤት ጣሳ ያለኝን ያህል ነው። በእኛ አገር ጠላ ያላት ሴት ደጇ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበታለች። ጣሳው ካለ ይገባል። ከሌለ ጠላ የለም ማለት ነው፤ በር አንኳኩቶ "አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ባለቤቲቱን ማሳፈር ነው። እኔ ደግሞ አስተዳደጌ ጥሩ ነው። ጣሳ በሌለበት ደጅ ቆሜ አላውቅም።

አሁን እማማ ትርንጎን ላስተዋውቃችሁ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ያደጉት ግን ዳባት አጠገብ ባለ ገጠር ነው። በልጅነታቸው አንዲት ጓደኛ ነበረቻቸው፣ ብርቄ የምትባል የቤተ እስራኤል ልጅ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ። ያኔ ቤተ እስራኤሎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ከእኛ ሰው ጋር አይነካኩም ነበር። ድንገት ቢነካኩ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም። እናቶቻቸው እንኳ ሲገበያዩ አንዷ ድስቱን መሬት ታስቀምጣለች፣ ሌላዋ ከመሬት ታነሳለች። ሁለቱ ልጆች ታዲያ ከጅረቱ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ሲያወጉ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ብርቄ ጭቃ አዳልጧት ስትወድቅ ትርንጎ እጇን ሳይሆን ረጅም እንጨት ዘርግታ ነው ያነሳቻት። በጓደኝነት አርጅተው፣ ልጅ ወልደው ድረው፣ አንድም ቀን ሳይነካኩ ኖሩ።

ከዚያ አንድ ቀን እማማ ትርንጎ ከዳባት ገበያ ሲመለሱ የብርቄ ቤት ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ሰፈሩ በሙሉ ወደ እስራኤል ተነስቶ ሄዷል። ደህና ሁኚ ያላቸው የለም።

ይህን ታሪክ እማማ ለእኔ ሲያወሩኝ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀጥለው "ወተት ልቅዳልህ?" ይላሉ።

ዘመኑ ዘመን ነውና የእማማ ብርቄ የልጅ ልጅ እንደምንም አፈላልጋ የእማማን ስልክ አገኘች። ሁለቱ አሮጊቶች በስልክ ተገናኙ፣ ተላቀሱ። እማማ ትርንጎ ግን አልጠገቡም። "ድምፅማ ማንም ድምፅ አለው፤ እኔ ፊቷን ነው" አሉኝ። እኔና ልጅቷም ፊት በሚያሳየው ስካይፕ ልናገናኛቸው ተነጋገርን። እዚህ ላይ ልጅቷ በተሰባበረ አማርኛ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ የአያቷ ዓይን እየጠፋ ነው። ሐኪሞች በሳምንቱ ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉላቸው ነው፤ ያድኑታል ወይም አያድኑትም። "አሁን ትንሽ ታያለች። አሁን ነው፣ ገባህ?" አለችኝ። ገባኝ።

ቀን ስንቆርጥ ቅዳሜ የእነሱ ሰንበት ሆነ፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ የእማማ ቅዳሴ። እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስማማን።

ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሯ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። አዲስ ሊኑክስ ወጥቷል፣ ላድሰው ወይ? አለችኝ፣ በትሕትና። እስቲ ፍረዱኝ። ከባሕር ማዶ እንግዳ ሊመጣ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይለቀለቃል፣ ግድግዳ ይመረጋል። የኮምፒውተሯን ቤት በአሮጌው ግድግዳ እንግዳ ልቀበልበት? "አድሺ" አልኳት። ከሐሙስ ጀምራ ስታወርድ፣ ስትፈታ፣ ስትሰቅል ሰንብታ እሑድ ማለዳ ጨረሰች። አጥፍቼ አበራኋት።

ስትነሳ አቤት ውበት! መልኳ ሌላ፣ ፊደሏ ሌላ። ኮራሁባት። ከዚያ ዓይኔን ወደ ቀኙ ጥግ ላክሁት።

ምልክቷ የለችም።

ክው አልኩ። ዶንግሏ በአረንጓዴ መብራቷ ቦግ እልም ትላለች፤ ግን ጣሳው ከደጃፉ ወርዶ የመብራት ወሬ ማን ያዳምጣል? አጠፋሁ፣ አበራሁ። የለችም። ዶንግሏን ነቅዬ እፍ ብዬ ሰካሁ። የለችም። ፈረንጁ ያስተማረኝን ጥቁር መስኮት ከፍቼ የማስታውሳትን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሯ ረጅም እንግሊዝኛ መለሰችልኝ፣ ከውስጡ የተረዳሁት "አይደለም" የሚለውን ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር አገኘሁ። ስክሪኗ አናት ላይ የተጋደመውን መስመር በቀኝ ጠቅ ሳደርግ "ምን ልጨምርልህ?" የሚል ዝርዝር መጣ። እንኳን ጠየቅሽኝ ብዬ የመጀመሪያውን ስነካ ሰዓት ተጨመረልኝ። ሰዓት አለኝ። ሌላውን ስነካ ሁለተኛ ሰዓት። ሦስተኛውን ስነካ አንዲት ዓሣ ወጥታ አናቷ ላይ መዋኘት ጀመረች። እናንተዬ፣ ደባርቅ ላይ ዓሣ! ላጠፋት ስታገል ደግሞ ሁለት ዓይኖች ፈጠጡ። ማውሱ ወደሄደበት ይዞራሉ። ቀኝ ስሄድ ቀኝ ያያሉ፣ ግራ ስሄድ ግራ። ኔትወርክ ፈልጌ ዓሣና የሚከታተለኝ ዓይን አተረፍኩ።

በዚህ መሀል እማማ ትርንጎ ገቡ። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ተሠርተው ለጋ ቅቤ ተቀብተዋል።

"እንዴት ዋልህ የኔ ጌታ። መጣች?"

"ገና ናት እማማ። ሰዓቱ አልደረሰም።"

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት።

"እኒህ ዓይኖች የማን ናቸው?"

"የማንም አይደሉም።"

"ዛዲያ ምን ያፈጡብኛል?"

ገና ናት ማለቱን መቀጠል አቃተኝ። ኔትወርክ ከከተማው እንደጠፋ ነገርኳቸው። ለራሴም እንዲያ ብዬው ነበር፤ እኔ የማድስ ሰው እንጂ የማበላሽ ሰው አይደለሁማ። እማማ የነጠላቸውን ጥለት ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ ማጠፍ ያዙ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ አያ ሞላ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አያ ሞላ በቅሎ ነጂ ነው፤ የቱሪስት ጓዝ ጭኖ ወደ ተራራው ይወጣል። የመጣው ለፎቶ ኮፒ ነበር።

"ኔትወርክ ከጠፋ ጉብታው ላይ አይወጣም እንዴ?" አለ።

እውነቱን ነው። ከከተማው በላይ አንድ ጉብታ አለ፣ አናቱ ላይ የቱሪስት ማረፊያ ቤት ያለበት። መስመር ሲጠፋ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደዚያ ይወጣል። ተራራው ላይ ያሉት የአምባራስ ሰዎችም የራሳቸው ጉብታ አላቸው፤ ሳር አጭዶ ሲመለስ እግረ መንገዱን እዚያ ቆሞ የማይደውል የለም።

"ስልክ አይደለም አያ ሞላ፣ ይህ ኮምፒውተር ነው። ባጃጅ ደግሞ ያንን ድንጋይ አይወጣውም።"

አያ ሞላ ኮምፒውተሯን ዞሮ አያት። ጀርባዋን መታ መታ አደረገ። "እኔ የፈረንጅ እንቁላል ጨነቅ ድረስ ሳልሰብር የማደርስ ሰው ነኝ" አለ። "ይህች ከእንቁላል ትብሳለች?"

በጤናዬ ብሆን እንቢ እል ነበር። የእማማን ጣቶች ሳይ ግን ገመዶቹን መንቀል ጀመርኩ። ስክሪኑ በአንድ ወገን፣ ሳጥኗ በሌላ ወገን፣ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ከሳጥኗ ጋር ግማሽ ከረጢት ድንች። በላዩ የእማማ ነጠላ ተሸፈነበት። ስክሪኑ ላይ የምትሰካውን ትንሿን ካሜራ ደረት ኪሴ ከተትኩ። እማማ እዚሁ ይጠብቁ ቢባሉ እንቢ ብለው በእግራቸው፣ በምርኩዛቸው ከበቅሎዋ ፊት ፊት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን የመንገድ ዳር ወሬ መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ።

የማረፊያ ቤቱ ሰዎች ደጎች ናቸው። ከመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ሰጡን፣ ጄነሬተሩን አስነሱልን። ሰካክቼ ጨረስኩ። ዓሣዋ ዋኘች፣ ዓይኖቹ ዞሩ፣ ሁለቱም ሰዓቶች ዘጠኝ ሊሆን ትንሽ እንደቀረው ተናገሩ። ቀኙ ጥግ ባዶ ነው።

ዶንግሏን በረጅም ገመድ መስኮቱ ላይ ሰቀልኳት። ወንበር ላይ ቆሜ ወደ ሰማይ ዘረጋኋት። አያ ሞላ ከእጄ ነጥቆ ጣራ ላይ ወጣባት። "አሁንስ?" ይላል ከላይ። "የለም!" እላለሁ። "አሁንስ?" "የለም!" የጣራው ቆርቆሮ ሲንኳኳ የማረፊያ ቤቱ እንግዳ ሁሉ ሻዩን ይዞ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ማዶ ከሊማሊሞ ገደል ጭጋግ እየተነሳ ገደሉን፣ ማሳውን፣ ተራራውን አንድ በአንድ ይሸፍናል። ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው፤ ያን ጭጋግ ባየሁ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አፌን እከፍታለሁ። ያን ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ሊጠፋ የተነሳ መሰለኝ።

"እማማ" አልኩ፣ "ኔትወርክ ከተማውን ለቆ አይደለም። እኔ ነኝ። ቤቱን ላሳምር ብዬ ምልክቷን አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

እማማ ትርንጎ ከፀጉራቸው ቀልጦ ግንባራቸው ላይ የወረደውን ቅቤ በአውራ ጣታቸው ጠረጉ።

"ግድ የለም ልጄ። ስንት ዘመን የቆየ ነገር..." አሉና ቀሪውን ዋጡት።

ኮምፒውተሯ ጮኸች።

እውነት ነው የምላችሁ። ያች ጣሳዋ የወረደ፣ ባዶ ያልኳት፣ በበቅሎ ያንገላታኋት ኮምፒውተር እንደ ስልክ ትጣራለች። ስክሪኑ መሀል አንድ መስኮት ተከፍቶ የልጅቷ ስም በላዩ ይርገበገባል። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ስካይፕ ኮምፒውተሯ ስትበራ አብሮ እንደሚነሳ ፈረንጁ ነግሮኝ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ጠፍቷል።

"በስመ አብ" አልኩ። "ምልክቱ ሳይኖር?"

አያ ሞላ በመስኮቱ ቁልቁል ተዘቅዝቆ "አንሳው እንጂ አንተ ሰውዬ!" ብሎ ጮኸብኝ።

አነሳሁት። መጀመሪያ ብርሃን መጣ፣ ቀጥሎ ጥላ፣ ቀጥሎ አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት። ወደ ስክሪኑ ተጠግተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ሰው ጭስ ውስጥ ሲፈልግ እንደሚያይ ያያሉ። እኔ በሕይወቴ ስንት ሺህ ገጽ ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ ሰው ከባሕር ማዶ ተነስቶ እንዲህ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ያን ቀን ነው ያመንኩት።

"ትርንጎ?" አሉ እማማ ብርቄ።

"አለሁ።"

"ግንባርሽ ያው ነው። ቅቤሽ ፈሷል።"

እማማ ትርንጎ ሳቁ። ሳቁና ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

"ምነው ሳትነግሪኝ ሄድሽ? ከገበያ ስመለስ ቤትሽ ባዶ፣ ምጣድሽ እንኳ እሳቱ ዳር። ምን አድርጌሽ ነው?"

እማማ ብርቄ ዝም ብለው ቆዩ። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ዓይኔ ወደዚያ ባዶ ጥግ ሄደ፤ የለመደ ዓይን አይሰማም።

"ብነግርሽ ታለቅሻለሽ" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ስታለቅሺ እኔ ማዶ ቁሜ ላይሽ ነው? አቅፌ ዝም ላሰኝሽ አልችል። እሱን ፈራሁት። ጥዬሽ የሄድኩት እሱን ፈርቼ ነው።"

አያ ሞላ ከጣራው ላይ አፍንጫውን ሲነፋ ሰማሁ።

"እዚህ ሁሉ ነገር ሌላ ነው" ቀጠሉ እማማ ብርቄ። "ያገኘኝ ሁሉ ይነካኛል፣ በአውቶቡስ፣ በሐኪም ቤት። ወንዝም አልወርድ። ነይ እስቲ አሁን ንኪኝ።"

እጃቸውን ዘረጉ። ካሜራቸው ተንጋዶ ስለቆመ መዳፋቸው የታየው ከላይ በቀኝ ጥግ ነው። እማማ ትርንጎ ከወንበራቸው ተነሱ። ምርኩዛቸውን ተመለከቱት፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተዉት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን፣ ያንን ቅቤ የጠረጉበትን፣ መስታወቱ ላይ፣ ጥጉ ላይ፣ ጥብቅ አድርገው አሳረፉት።

"ሞቅ ይላል" አሉ።

እኔ ስክሪኑ መሆኑን አውቃለሁ። ያበጠው የድሮ ስክሪን ሲበራ ይሞቃል። አልነገርኳቸውም።

ጭጋጉ መስኮቱን ሲሸፍነውም ሲገልጠውም ሁለቱ ሲያወጉ ቆዩ፤ ስለ ጅረቱ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለዚያ ረጅም እንጨት። ልጅቷ ከጀርባ "ሳቭታ ደከማት" ስትል ነው የተለያዩት፤ ሳቭታ ማለት በእነሱ ቋንቋ ሴት አያት መሆኑን ገመትኩ። ደህና ሁኚ ተባባሉ። ይህችን አንዲት ቃል እማማ ትርንጎ ደጋግመው ነው ያሏት።

ስንወርድ አያ ሞላ "ዛዲያ ኔትወርኩ ሱቅህም ውስጥ ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

ነበር። ማለዳም ነበር። አንድ ገጽ እንኳ ከፍቼ ብሞክር ይገባ ነበር። ጣሳውን ነፋስ ጣለው እንጂ ጠላው በጋን ሙሉ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ ጨዋው ግን በር አላንኳኳሁም። ለአያ ሞላ "በቅሎዋ እንዳትደናቀፍ" ብዬ መለስኩለት።

ምልክቷን መመለስ እንዴት እንደሆነ በኋላ ተረዳሁ። ያ ዝርዝር ውስጥ ከዓሣዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ አለ። ሁለት ጠቅታ ነው። አልመለስኳትም። ቦታው ተይዟል፤ የእማማ ትርንጎ የአውራ ጣት አሻራ፣ የቅቤው ወዝ እንዳለ፣ በዚያው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ስክሪኑን ስወለውል ያችን ጥግ አልነካትም። ደንበኛ "ምን ተቀብቶብህ ነው?" ሲለኝ "ኔትወርክ ነው" እላለሁ።

የእማማ ብርቄን ዓይን ሐኪሞቹ አላዳኑትም። አሁን አያዩም። እማማ ትርንጎ ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምጣታቸውን አልተዉም፤ አሁንም ቅቤያቸውን ይቀባሉ፣ ለማን እንደሚያምሩ እኔ አልጠይቃቸውም። ሲደወልና ሳነሳላቸው ገና ሰላምታ ሳይጀምሩ አውራ ጣታቸውን በዚያችው ጥግ ላይ ያሳርፋሉ።

"ነካሁሽ" ይላሉ።

ከወዲያ ማዶ እማማ ብርቄ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ "ታውቆኛል" ይላሉ።